የፍጥነት መንገድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትነዱ



ባኬ ጃማ ተከራይተን በምንኖርባት ክፍል ውስጥ ፈተና ባለቀ ማግስት የሚታየው ቪዲዮ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኳስና መኪና። እኛ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን መኪናው ያይላል። ከመኪናው ቪዲዮ ደግሞ ደጋግመን ያየነው ጀርመን አገር የሚገኘውን የኑርቡርግሪንግን ረጅሙን ዙር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ፣ ኤይፈል በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ በጫካ መሀል የሚጠማዘዝ የመኪና ውድድር መንገድ ነው። አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ70 በላይ መታጠፊያዎች አሉት፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት 300 ሜትር ያህል ነው። ስኮትላንዳዊው ተወዳዳሪ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ጀሀነም» ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒኪ ላውዳ በእሳት ተቃጥሎ ለጥቂት የተረፈው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ ዋን ወደዚያ ረጅም ዙር አልተመለሰም።

ይህ መንገድ ከሌሎች የውድድር ቦታዎች የሚለየው ለሕዝብም የሚከፈት በመሆኑ ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው፣ ለሕዝብ በተፈቀደው ሰዓት፣ የራሱን መኪና ይዞ መጥቶ ለአንድ ዙር ከፍሎ ይገባል። እኛም «እንግዲህ እዚያ የገባ ሰው እንዳሻው ይከንፋል» ብለን ነበር የምናስበው። ሕጉን ስናነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በእነዚያ ሰዓቶች መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ተራ የክፍያ መንገድ ነው። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል። ቀኝ ይዞ መንዳት፣ በግራ ብቻ መቅደም፣ መሀል ላይ አለመቆም ግዴታ ነው፤ መሽቀዳደምም ሆነ ሰዓት ይዞ መወዳደር ክልክል ነው። የብረት አጥሩን የገጨ ሰው ለአጥሩም ለመጎተቻውም ይከፍላል። ብዙ የመድን ድርጅቶችም እዚያ የደረሰን ጉዳት አንሸፍንም ይላሉ።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ የሚሰጡት ምክርም እንደጠበቅነው አይደለም። «እንዲህ ብትነዳ ትፈጥናለህ» የሚል የለበትም። ጎማህንና ፍሬንህን አሳይ፣ መኪናው ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ አትተው፣ ስፖኪዮህን ደጋግመህ ተመልከት፣ ከኋላህ ፈጣን ከመጣ አሳልፈው፣ የመጀመሪያውን ዙር ለመማር ንዳ፣ ደክሞህ «አንድ ዙር ልጨምር» አትበል። ይኸው ነው። በዓለም ከታወቁት መንገዶች ሁሉ በፍጥነቱ ስሙ የገነነው መንገድ ለእንግዳው የሚያስተምረው ራስን መያዝን ነው።

ጀርመን ለመሄድ ቪዛውም ገንዘቡም የለንም። ግን ከነቀምቴ ለሚነሳ አዲስ ሹፌር ከዚያ የማይተናነስ መንገድ እዚሁ አገራችን አለ፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ። በ2007 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ የጀመረ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ ያለው፣ በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነው። ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ እግረኛና ከብት አይገቡበትም።

አስቡት እንግዲህ። እኛ መንዳት የተማርነው በነቀምቴ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ይታጠፍብናል፣ አህያ እህል ተሸክሞ መሀል መንገድ ላይ ይቆምብናል፣ ሦስተኛ ማርሽ ካስገባን ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ ተነስቶ በአንድ ቀን 120 ወደሚፈቀድበት መንገድ መግባት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከመካከላችን የሚመረቀው ሁሉ ደግሞ ለሥራ ፍለጋም፣ ለኒካሕም፣ ዘመድ ለመጠየቅም አንድ ቀን በዚያ መንገድ ማለፉ አይቀርም። ባለፈው የእረፍት ጊዜ አዳማ ላይ የቀድሞ የጀማዓችን ወንድም ኒካሕ ነበረው። አራት ሆነን በተዋስናት ቪትዝ ሄድን። ከመሄዳችን በፊት ያዘጋጀነውንና መንገድ ላይ ያየነውን ይጠቅማችኋል ብለን ጽፈነዋል።

ከሁሉ በፊት መኪናዋ የሰው ነበረች፤ አማና ናት። ባለቤቱ የአንዳችን አጎት ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡን «ቢጫር አልቆጣም፤ ሰው እንዳትገጩብኝ» ብቻ ነው ያሉን። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ፣ ግመሌን ልሰር ወይስ ትቼው በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ታሪክ ያውቃል፤ የተሰጠውንም መልስ ያውቃል። በዘመናችን ግመሏን ማሰር ማለት ጎሚስታ ጋር መሄድ ነው።

ጎማው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመቱን ይናገራሉ። 2318 የሚል ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም፤ ጎማ ተቀምጦም ያረጃል፣ ይሰነጣጠቃል። ነፋሱን ደግሞ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ልኩ በሹፌሩ በር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚጨመረውም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ በመተጣጠፉም ይሞቃል። ከተማ ውስጥ ያ ሙቀት ብዙ አይጎዳም። በ100 እና በ120 ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ግን ጎማው የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ከፈነዳም ፍሬን ላይ አትዝለሉ፤ መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ልቀቁ፣ መኪናው ራሱ ሲቀንስ ወደ ቀኝ ዳር አውጡት። የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ስኮርታና ክሪክ፣ ትሪያንግል፣ ቦሎና ሦስተኛ ወገን፤ ይህን ሁሉ ነቀምቴ ላይ ጨርሱ። ቁልፍም ሆነ የውሃ ኮዳ ከሹፌሩ እግር ሥር እንዳይንከባለል አድርጉ።

ሁለተኛው ነገር ድካም ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ፣ በሆለታ ስትመጡ ዳገቱና ከተማው ጉልበት ይጨርሳል። ያን ሁሉ ነድታችሁ በዚያው ድካም ወደ ፍጥነት መንገዱ አትግቡ። መንገዱ ለስላሳና ቀጥ ያለ ስለሆነ እንቅልፍ ይጋብዛል። እኛ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን ሱብሒ ሰግደን፣ ቁርስ በልተን ነው የቀጠልነው።

ሦስተኛው ሰላት ነው። የፍጥነት መንገዱ ዳር መኪና አቁሞ መስገድ አይቻልም፤ የዳሩ መስመር ለብልሽትና ለአደጋ ብቻ የተተወ ነው። ስለዚህ ወቅቱን አስቀድማችሁ አስሉ። መዝሀቡ በጉዞ ማጣመርን የሚፈቅድለት ዙህርና ዐስርን አጣምሮ፣ የማይፈቅድለትም ዙህርን በወቅቱ ሰግዶ ይግባ፤ ወይም መውጫው ላይ ወጥቶ ይስገድ። «ሰላት ሊያልፈን ነው» ብሎ መፍጠን ሰላትን ማክበር ይመስላል፤ ግን ሰላቱን ያስጨነቀው ሰዓቱን ያላሰለው ሰው ራሱ ነው። ስንመለስ ሁለቱንም አዳማ ላይ ጨርሰን ስለገባን ልባችን አርፎ ነዳን። የጉዞውን ዱዓም ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ አድርጉት፤ የመጀመሪያውን ማርሽ እያስገቡ መነብነብ አይሁን።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። መግቢያው ላይ ካርድ ትቀበላላችሁ፤ ስትወጡ በተጓዛችሁት ርቀትና በመኪናው ዓይነት ትከፍላላችሁ። ካርዱን አንድ ሰው ይያዘው፤ መውጫው ላይ ሹፌሩ ኪሱን እንዳይፈትሽ። የምትወጡበትን መውጫ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ካለፋችሁት አለፈ፤ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ወደ ኋላ ማሽከርከር በዚያ መንገድ ላይ ከሞት ጋር መጫወት ነው።

ቀኝ ይዛችሁ ንዱ፤ ግራው ለመቅደሚያ ነው። ቀድማችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ። መንገዱ ወደ ጅቡቲና ከጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች የሚበዙበት ነው። ከባድ መኪና ስትቀድሙ ነፋሱ ትንሿን መኪና ይገፋታል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጎኑም ላይ አትቆዩ። ከፊታችሁ ካለው መኪና የሚኖራችሁን ርቀት ለመለካት ዘዴ እንንገራችሁ። የፊተኛው መኪና አንድን ምልክት ሲያልፍ ረጋ ብላችሁ ሦስት ጊዜ «ሱብሓነላህ» በሉ። ሳትጨርሱ እናንተም ምልክቱ ጋ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል። ሦስቱ ሱብሓነላህ ሦስት ሰከንድ ያህል ነው፤ በ100 ሲነዳ 83 ሜትር ማለት ነው።

ይህ ርቀት ለምን እንደሚያስፈልግ እኛ በክፍል ውስጥ የተማርነው ቀላል ስሌት ያሳያል። ሹፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል እንበል። በ60 የሚነዳ ሰው በዚያ ጊዜ 25 ሜትር ይሄዳል፤ በደረቅ አስፋልት ፍሬኑ ደግሞ 20 ሜትር ይወስዳል፤ ድምሩ 45 ሜትር። በ120 የሚነዳው ግን ፍሬን ሳይነካ 50 ሜትር ይሄዳል፣ ፍሬኑ 80 ሜትር ይጨምራል፤ ድምሩ 130 ሜትር ሆነ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 130 ሜትር ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወደ 190 ይጠጋል። ስለዚህ በክረምት 120 የተፈቀደ ነው ብላችሁ 120 አትንዱ፤ ሕጉ ጣሪያውን እንጂ ግዴታውን አልተናገረም።

ስሌቱን ይህን ያህል ያበዛነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአራታችን አንዱ ታላቅ ወንድሙን ያጣው በመኪና አደጋ ነው። ወንድሙ ሹፌር አልነበረም፤ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ነበር። ከአደጋው የተረፈ አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሲናገር፣ መኪናው ከልክ በላይ እየከነፈ መሆኑን ሁሉም እንዳወቁ፣ አንዱ አንዱን እያየ ዝም እንዳሉ ነገራቸው። ማንም «ቀስ በል» አላለም። አፍረው ነው። ሹፌሩን ላለማስቀየም ነው። ወንድማችን ይህን የነገረን ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። በመኪናው ውስጥ ያለ ማንም ሰው «ቀስ» ካለ ሹፌሩ ይቀንሳል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ አይስቅም። ከተቀነሰ በኋላ መነጋገር ይቻላል።

ደንቡ የተፈተነው ቢሾፍቱን ስናልፍ ነው። ከመካከላችን አንዱ ገና ከነቀምቴ ሳንነሳ «አንዴ ብቻ 140 አስነካልኝ፤ ቆጣሪውን እቀርጸዋለሁ» ሲል ነበር የሰነበተው። አንድ የጭነት መኪና ቀድመን ገና ግራው ላይ ሳለን ከኋላችን አንድ መኪና መብራቱን እያበራና እያጠፋ መጣ። ስልኩን የያዘው ወንድማችን «አትልቀቅለት! ርገጠው!» አለ። ከኋላ የተቀመጠው ወንድማችን በለሆሳስ «ቀስ» አለ። ሹፌራችን ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ገባና ነዳጁን ለቀቀ። ያኛው መኪና እንደ ነፋስ አለፈን። ትንሽ እንደሄድን ከከባድ መኪና የተላጠ ሰፊ የጎማ ቁራጭ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ከሩቅ አየን። ጊዜ ስለነበረን ስፖኪዮ አይተን፣ ፍሬቻ አሳይተን፣ ረድፍ ቀይረን አለፍነው። ስልኩን የያዘው ወንድማችን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማንም ምንም አላለውም።

ማታ አዳማ ላይ ያንን 140 አሰላነው። 85ቱን ኪሎ ሜትር ሁሉ በ120 ብትነዱት 42 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ140 ብትነዱት 36 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ትርፉ 6 ደቂቃ ነው። ከመኪናው ጋር የሚሄደው ጉልበት ግን ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ መኪናው ቢጋጭ የሚያርፍብን እሱ ነው። ስልኩን የያዘው ወንድማችን ስሌቱን ራሱ ደግሞ ሠራውና «ለ6 ደቂቃ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

አንድ ያልጠበቅነውን ነገር እንጨምርላችሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል በ100 ነድታችሁ ወደ መውጫው ስትቀርቡ፣ 60 የቆማችሁ ያህል ይመስላችኋል። ዓይንና ጆሮ ፍጥነቱን ለምደውታል። አዳማ ከተማ ውስጥ ግን ባጃጁም እግረኛውም ሕፃኑም እንደ ነቀምቴው ነው። ስለዚህ ከመውጫው በኋላ ስሜታችሁን አትመኑ፤ ቆጣሪውን እያያችሁ ንዱ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በአጠቃላይ ቁልቁል ስለሚሄድም እግራችሁ ሳይጨምር ፍጥነቱ ራሱ ሊጨምር ይችላል። ስትመለሱ ደግሞ ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው ቁልቁለት አለ። እዚያ ሁሉን ነገር በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በፈለጋችሁት ጊዜ አይዝም። ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዛት አድርጉ።

ብዙዎቻችሁ ገና መንጃ ፈቃድ አላወጣችሁም፤ «ይህ ጽሑፍ ለእኔ አይደለም» ብላችሁ ይሆናል። ለእናንተ ነው። በየዓመቱ ከነቀምቴ ተነስተን ወደየቤታችን ስንበተን፣ አብዛኞቻችን ሹፌር ሳይሆን ተሳፋሪ ነን። በጎን በኩል የተቀመጠ ሰው ምላስ አለው። መልካምን ማዘዝና ከመጥፎ መከልከልን መስጂድ ውስጥ ደጋግመን እንሰማለን፤ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ግን እናፍራለን። ሹፌሩ ታላቃችሁ ከሆነ «ጋሼ፣ አላህ ይስጥልን፣ ትንሽ ቀስ ቢሉልን» ማለት ክብሩን አይነካም። ጓደኛችሁ ከሆነ አንድ ቃል ይበቃል። እናንተ ካላችሁ ሌላውም ይደፍራል።

መኪናዋን ለባለቤቷ አጥበን፣ ነዳጅ ሞልተን መለስን። ዞረው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና «ሰው ሁሉ ደህና ነው?» አሉን። ደህና ነው አልናቸው።

ደንቧን ውሰዷት፤ የእኛ ብቻ አይደለችም። በቀጣዩ የእረፍት ጊዜ ተሰባስባችሁ መኪና ውስጥ ስትገቡ፣ ቀበቶ ከማሰራችሁ በፊት ተነጋገሩባት። አላህ ጉዟችሁን የሰላም ያድርገው፤ ወደ ቤተሰቦቻችሁም በደህና ያግባችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።